የአብራሪው ዓይን፦ በሬዲዮ ለሚታዘዙ አውሮፕላኖች ካሜራ ስለ መምረጥ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ገለጻ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ እጅግ ትንሽ ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ፣ ክብደቱም በጥቂት ግራም የሚቆጠር ካሜራ ነው። ነገር ግን በሬዲዮ በሚታዘዝ አውሮፕላን አፍንጫ ላይ ሲታሰርና ምስሉ ምድር ላይ ወደ ቆመው አብራሪ መነጽር ሲላክ፣ ያ ትንሽ ዕቃ የአብራሪው ብቸኛ ዓይን ይሆናል። ይህን ዓይነቱን በረራ በተለምዶ «ኤፍ ፒ ቪ» እንለዋለን፤ «በአብራሪ ዓይን የሚደረግ በረራ» ብንለውም ከትርጉሙ አንርቅም። በተለመደው የሞዴል በረራ አብራሪው ከምድር ሆኖ አውሮፕላኑን ያያል። በዚህኛው ግን ከአውሮፕላኑ ሆኖ ምድርን ያያል። አካሉ እዚህ ቆሞ ዓይኑ እዚያ ይሄዳል።

ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ሥራቸው እንዲህ ያለ አውሮፕላን ሲሠሩ አዘውትረው የሚጠይቁኝ ጥያቄ «የትኛውን ካሜራ እንግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነውና በምርጫው የተሳሳተ ቡድን ሌላ እስኪያስመጣ ድረስ የትምህርት ዘመኑ ሊያልፍበት ይችላል። ከዚህም የሚብሰው፣ በቅጡ የማያይ አውሮፕላን ከሰው ጋር ሊላተም መቻሉ ነው። ስለሆነም ዛሬ የዕቃ ዝርዝር ከማቅረብ ይልቅ የምትመርጡበትን መመዘኛ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ከአንድ ስሕተት የተገኘ ትምህርት

ከዓመታት በፊት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ከፎም አንድ አውሮፕላን ሠርተን ነበር። ለካሜራ የመረጥነው በምስል ጥራቱ ከሁሉ የላቀውን ነው፤ ካሜራው ለቪዲዮ ቀረጻ የተሠራ ነበር። የምስል መውጫውን ከማሰራጫው ጋር አገናኝተን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ አስነሣነው። መጀመሪያ ሁሉ ነገር መልካም ነበር። ወደ ሜዳው ዳር ስንቃረብ ግን አውሮፕላኑ ከሰማዩ ብርሃን ወደ ባሕር ዛፎቹ ጥላ ገባ፤ በመነጽሩ ውስጥ ያለው ምስልም ጠቆረ። ባልደረባዬ «ወደ ግራ!» ብሎ ሲጮኽ እኔ ገና ዛፉን አላየሁትም። ዛፉ በመነጽሬ ውስጥ በታየኝ ጊዜ አውሮፕላኑ ቅርንጫፉ ላይ ተሰክቶ ነበር።

ማታ የማስታወሻ ካርዱን ከፍተን ቀረጻውን ተመለከትን። ግሩም ነበር፤ የቅጠሎቹን ጠርዝ ሳይቀር ለይቶ ያሳያል። ካሜራው የተሠራለትን ሥራ አልበደለም። የበደልነው እኛ ነን፤ ለትዝታ የተሠራውን ካሜራ ለውሳኔ አሰማራነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የካሜራ መግለጫ ሳነብ እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ጊዜ እለውጠዋለሁ። ይህ ባሕርይ ለአብራሪው ስንት ሚሊ ሰከንድ ይጨምርለታል? ስንትስ ይቀንስበታል? የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የሚበር ካሜራ የሚለካው በጊዜ ነው።

የመዘግየት ሒሳብ

ብርሃን ወደ ሌንሱ ከገባበት ቅጽበት አንሥቶ ምስሉ በመነጽሩ እስኪታይ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ መዘግየት ይባላል። ዳሳሹ ብርሃን ሲሰበስብ፣ ካሜራው ምስሉን ሲያሰናዳ፣ ማሰራጫው ሲልክ፣ መነጽሩ ሲያሳይ፣ እያንዳንዳቸው ከጊዜው ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

አንድ አውሮፕላን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢበር በሰከንድ 16.7 ሜትር ይጓዛል። መዘግየቱ 30 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ አብራሪው የሚያየው አውሮፕላኑ ከግማሽ ሜትር በፊት የነበረበትን ስፍራ ነው። 100 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ 1.7 ሜትር፣ 200 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ 3.3 ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ የሰው ልጅ ያየውን ተረድቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ በግምት 200 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል። ይህን የተፈጥሮ መዘግየት በገንዘብ መቀነስ አይቻልም። የካሜራውን ግን በምርጫ መቀነስ ይቻላል።

የቁጥጥር ሥርዓት ትምህርት የወሰዳችሁ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫም ልታዩት ትችላላችሁ። ካሜራው፣ አብራሪውና አውሮፕላኑ አንድ ላይ የግብረ መልስ ዑደት ናቸው። በዑደቱ ውስጥ የሚገባ መዘግየት የፌዝ ኋላ ቀርነትን ይፈጥራል። አብራሪው በሰከንድ አንድ ጊዜ በሚመላለስ እንቅስቃሴ አውሮፕላኑን ሲያርም፣ 100 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት 36 ዲግሪ ይጨምራል፤ 30 ሚሊ ሰከንድ ግን 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ጀማሪ አብራሪ አውሮፕላኑን ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዘው ሁልጊዜ በእጁ አለመሠልጠን አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የሚያርመው ያለፈውን ስሕተት ስለሆነ ነው።

የአናሎግ ካሜራ በዚህ ረገድ ጥንታዊ ብልሃት አለው። ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ምስሉን በ625 መስመሮች ከፍሎ በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ያሳያል፤ እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ ስለሚላክ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አዲስ ግማሽ ይደርሳል። ኤንቲኤስሲ የተባለው ደግሞ 525 መስመሮችና በሰከንድ 30 ያህል ምስሎች አሉት፤ ግማሹ በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ይመጣል። የተነበበው መስመር መላው ምስል እስኪጠናቀቅና እስኪታመቅ ሳይጠበቅ ወደ አየር ይለቀቃል። የቀረጻ ካሜራ ግን ምስሎችን ሰብስቦ ያሰናዳል፣ ያስውባል፣ ያምቃል። ውበቱን የሚገዛው በጊዜ ነው።

የመስመር ብዛትና የሌንስ ስፋት

ሻጮች አጉልተው የሚጽፉት ቁጥር የመስመሮችን ብዛት ነው፤ 600፣ 800፣ 1200 የቴሌቪዥን መስመር እያሉ። ይህ ቁጥር ምን ያህሉ ወደ አብራሪው ይደርሳል? በፓል ሥርዓት አንድ መስመር ምስል የሚሸከምበት ጊዜ 52 ማይክሮ ሰከንድ ነው። የ1 ሜጋ ኸርዝ ምልክት በዚህ ጊዜ ውስጥ 52 ዑደት ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ዑደት አንድ ነጭና አንድ ጥቁር መስመር ስለሚይዝ 104 መስመር ይሆናል። የመስመር ቁጥር የሚሰጠው ከምስሉ ቁመት ጋር እኩል ለሆነ ስፋት ነውና በ4 ለ 3 ምስል ላይ በሦስት አራተኛ ስናባዛው 78 እናገኛለን። እንግዲህ 5 ሜጋ ኸርዝ የሚያሳልፍ መንገድ የሚሸከመው 390 መስመር ያህል ነው። 1200 መስመር የተጻፈበት ካሜራ በዚህ ጠባብ በር ሲያልፍ ትርፉ ውጭ ይቀራል። በሁለት አናሎግ ካሜራዎች መካከል በመስመር ብዛት ብቻ መምረጥ ስለዚህ ብዙ አያዋጣም።

ሌንሱስ? የትኩረት ርቀቱ ባጠረ ቁጥር እይታው ይሰፋል። ስፋቱ 4.8 ሚሊ ሜትር በሆነ ዳሳሽ ላይ የ2.1 ሚሊ ሜትር ሌንስ በስሌት 98 ዲግሪ ያህል አግድም እይታ ይሰጣል፤ የ2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ 81 ዲግሪ። ሌንሱ ምስሉን በጠርዝ በኩል የሚያጎብጥ ከሆነ እይታው ከዚህም ይሰፋል። ሰፊ ሌንስ የጎንና የጎን መሰናክልን ያሳያል፤ ፍጥነትም ይበልጥ እንዲሰማን ያደርጋል። ዋጋው ግን ፊት ለፊት ያለው ነገር ማነሱ ነው።

ይህን ወደ ጊዜ እንለውጠው። ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሽቦ ፊት ለፊት ተዘርግቷል እንበል። ቁመቱ 400 መስመር የሚለይ ምስል በአግድም 533 ያህል ነጥቦችን ይለያል። በ98 ዲግሪ እይታ አንዱ ነጥብ 0.18 ዲግሪ ይሸፍናል፤ ሽቦው አንድ ነጥብ የሚሞላው ከ3 ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ይህ ርቀት ከሰከንድ አንድ አምስተኛ አይበልጥም። አብራሪው እጁን ሳያንቀሳቅስ ያልቃል። በ81 ዲግሪ እይታ ርቀቱ ወደ 3.8 ሜትር ያድጋል። በአግድም 1280 ነጥብ ያለው ዲጂታል ምስል ከሰፊው ሌንስ ጋር እንኳ ወደ 7.5 ሜትር ያደርሰዋል፤ ይህም 0.45 ሰከንድ ያህል ነው።

ስሌቱ ግምታዊ ነው። ከሰማይ ጋር ጎልቶ የሚታይ ሽቦ ቀደም ብሎ ሊታይ፣ ከቡናማ አፈር ጋር የተመሳሰለ ደግሞ ፈጽሞ ላይታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ የምስል ጥራት ዋጋ የሚኖረው ወደ አብራሪው ዓይን ሲደርስና ቀድሞ ለማየት ሲረዳ ነው። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ስፍራ የትኛውም ካሜራ ዋስትና አይሆንም። እዚያ አለመብረር ነው።

ብርሃንና ጥላ

የእኛን ፎም አውሮፕላን የጣለው መዘግየቱ ብቻ አልነበረም፤ ጥላውም ነበር። የቀትር ፀሐይ በምድር ላይ 100,000 ሉክስ ያህል ብርሃን ታወርዳለች። ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ያለው ብርሃን 100 ሉክስ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። የአብራሪው ካሜራ በአንድ ምስል ውስጥ የሚያበራውን ሰማይና የጨለመውን የዛፍ ሥር አንድ ላይ መያዝ ይጠበቅበታል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎችን መለየት ያሻል። የመጀመሪያው በአንድ ምስል ውስጥ ብሩሁንና ጨለማውን አብሮ የማሳየት አቅም ነው። ሁለተኛው ብርሃኑ ሲለወጥ ካሜራው ራሱን የሚያስተካክልበት ፍጥነት ነው። ከድልድይ ሥር ገብቶ ሲወጣ ግማሽ ሰከንድ የሚታወር ካሜራ በተጠቀሰው ፍጥነት 8.3 ሜትር ያለ ዓይን ያስጉዛል። ይህ ቁጥር በሻጭ መግለጫ ላይ አይጻፍም፤ መፈተን ግን ቀላል ነው። ካሜራውን ከማሳያ ጋር አገናኝታችሁ ከጨለማ ኮሪደር ወደ ፀሐይ ውጡ፤ ተመልሳችሁም ግቡ። ምስሉ ለመመለስ የሚወስድበትን ጊዜ ቁጠሩ።

በዝቅተኛ ብርሃን የሚሠራ ካሜራ ለምሽት በረራ ይማርካል። ነገር ግን በጨለማ ጊዜ ካሜራው ብርሃን ለማጠራቀም ዳሳሹን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ስለሚያደርግ የሚንቀሳቀሰው ነገር ይደበዝዛል። በሌሊት ማየትና በሌሊት በፍጥነት መብረር አንድ አይደሉም።

የዳሳሹ ዓይነት

ሲሲዲ የተባለውን ዳሳሽ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ የፈለሰፉት ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ናቸው፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፍለውበታል። ሲሞስ የተባለው የዛሬው ዓይነት ዳሳሽ ደግሞ በ1990ዎቹ በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ቤተ ሙከራ በኤሪክ ፎሰም ቡድን ሥራ ወደ ፊት ተራመደ። ቀደምት አብራሪዎች ሲሲዲን ይመርጡ ነበር፤ መላውን ምስል በአንድ ቅጽበት ስለሚይዝና ለብርሃን ለውጥ በጎ ምላሽ ስለነበረው። ዛሬ ገበያውን የያዘው ሲሞስ ነው።

አብዛኞቹ የሲሞስ ዳሳሾች ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነብባሉ። ንባቡ የሰከንድ አንድ ስልሳኛ ቢወስድና ሚዛኑን ያልጠበቀ ፕሮፔለር በደቂቃ 9,000 ጊዜ ቢዞር፣ ማለትም በሰከንድ 150 ጊዜ ቢያንቀጠቅጥ፣ አንዱ ምስል ሳይጠናቀቅ ካሜራው ሁለት ጊዜ ተኩል ይወዛወዛል። ቀጥ ያለው ምሰሶ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ይታያል። መድኃኒቱ ሌላ ካሜራ መግዛት ሳይሆን ፕሮፔለሩን ማመጣጠንና ካሜራውን ንዝረት በሚውጥ ለስላሳ ማሰሪያ መያዝ ነው።

በአዳራሽ ውስጥ ለምትበሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ነውና ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል የሚልከው ፓል ከዚህ ጋር ይጣጣማል፤ ኤንቲኤስሲ ግን በምስሉ ላይ የሚንከባለሉ ጥላዎችን ሊያሳይ ይችላል። ከቤት ውጭ በፀሐይ ብርሃን ይህ ችግር የለም፤ ያኔ የኤንቲኤስሲ ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ጥቅም ይሰጣሉ። ብዙ ካሜራዎች ሁለቱንም በማቀያየሪያ ስለሚይዙ ምርጫው ነጻ ነው።

አናሎግ ወይስ ዲጂታል?

ዲጄአይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአብራሪዎች ያቀረበው ዲጂታል ሥርዓት በሰከንድ 120 ምስል፣ በ720 መስመር፣ እስከ 28 ሚሊ ሰከንድ በሚወርድ መዘግየት እንደሚሠራ ተገልጿል። ከዚያ ወዲህ ኤችዲ ዜሮና ዎክስኔይልም የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ቀርበዋል። ዲጂታል ማለት ዘገምተኛ ማለት ነው የሚለው የቀድሞ አባባል እንግዲህ እንደ ቀድሞው አይጸናም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የአናሎግ ምልክት ሲደክም ምስሉ በነጠብጣብ እየተሞላ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ አብራሪው አደጋውን አይቶ ለመመለስ ጊዜ ያገኛል። የታመቀ ዲጂታል ምስል ግን እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ቆይቶ ድንገት ሊቆራረጥ ወይም ሊቆም ይችላል። በተጨማሪም የአናሎግ ካሜራ ከየትኛውም አናሎግ ማሰራጫና መነጽር ጋር ይስማማል። በዲጂታል ግን ካሜራውን ስትመርጡ ማሰራጫውንና መነጽሩንም አብራችሁ መርጣችኋል። አንድ መነጽር ለአምስት ቡድን ለሚያካፍል ቤተ ሙከራ ይህ ከባድ ውሳኔ ነው።

ክብደትም በጊዜ ይከፈላል። 30 ግራም በምትመዝን የአዳራሽ አውሮፕላን ላይ 10 ግራም መጨመር ክብደቷን በአንድ ሦስተኛ ማሳደግ ነው፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ካሜራው የሚቀበለውን ቮልቴጅም አረጋግጡ። 5 ቮልት ብቻ የሚቀበለውን ከዋናው ባትሪ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ማቃጠል ነው። የሞተሮቹ ሁከት በምስሉ ላይ መስመር ካሠመረ ደግሞ በባትሪው መግቢያ ላይ ካፓሲተር መጨመር ብዙውን ጊዜ ይረዳል።

የምርጫው ቅደም ተከተል

የተናገርኩትን ላጠቃልል። በመጀመሪያ የትና በምን ፍጥነት እንደምትበሩ ወስኑ። ቀጥሎ አውሮፕላኑ የሚሸከመውን ክብደትና ያላችሁን መነጽር ተመልከቱ፤ አናሎግ ወይም ዲጂታል የሚለው እዚህ ላይ ይወሰናል። ከዚያ መዘግየቱን፣ ከዚያ የብርሃን ችሎታውን፣ ከዚያ ሌንሱን መዝኑ። በአናሎግ የመስመር ብዛት የመጨረሻው ይሁን። የሚያምር ቀረጻ ከፈለጋችሁ ከአብራሪው ካሜራ ጎን ሌላ የሚቀርጽ ካሜራ እሠሩ፤ አንዱ ለውሳኔ፣ ሌላው ለትዝታ።

ከተሳታፊዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

አንዲት ተማሪ፦ መምህር፣ መዘግየትን ያለ ውድ መሣሪያ እንዴት መለካት እንችላለን?

መልስ፦ በስልክ ማያ ላይ የሰከንድ መቁጠሪያ ክፈቱ። የአብራሪውን ካሜራ ወደ እርሱ አዙሩ። ከዚያ በሌላ ስልክ መቁጠሪያውንና ማሳያውን በአንድ ፎቶግራፍ አንሷቸው፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት መዘግየቱ ነው። የተለመደው ማያ ራሱ በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ስለሚታደስ አንድ ልኬት አይበቃም፤ ቢያንስ አሥር ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ኦሲሎስኮፕ ያላችሁ ደግሞ ትንሽ መብራት ከካሜራው ፊት፣ የብርሃን ዳሳሽ ከማሳያው ፊት አድርጋችሁ የተሻለ ውጤት ማግኘት ትችላላችሁ።

አንድ መምህር፦ ሁሉ ነገር የተሟላለት ካሜራ ቢገኝ፣ የአደጋው ጉዳይ ተፈታ ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፣ ክቡር መምህር። መነጽር ያጠለቀ አብራሪ በዙሪያው ያለውን አያይም፤ ከኋላው የሚመጣ ሕፃን፣ ከላይ የሚወርድ ወፍ አይታየውም። ስለዚህ ሁልጊዜ አጠገቡ ቆሞ አውሮፕላኑን በገዛ ዓይኑ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ማግኘት፣ ሰው ካልተሰበሰበበት ስፍራ መብረርም እንዲሁ። ያን ምሽት ዛፉን ከእኔ በፊት ያየው ካሜራው አልነበረም፤ «ወደ ግራ!» ያለኝ ባልደረባዬ ነበር።